«በረባሽ ተማሪዎች መሳቄ ነውር ነው ወይ?»

ጥያቄ፦

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ። ዕድሜዬን በማስተማር የጨረስኩ ሴት ነኝ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ሆኜ አገለገልኩ። አርፍዶ የመጣ ተማሪ በር ላይ የሚጠብቀው የእኔ ፊት ነበር። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሲሰበሰብ መዝገቡን ይዤ የምገባው እኔ ነበርኩ። «ነገ ወላጅሽን ይዘሽ ነይ» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት እግዚአብሔር ይወቀው። ጡረታ ስወጣ ለንደን ያለችው ልጄ አስመጣችኝና አሁን ከእሷ፣ ከባለቤቷና ከአሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጄ ጋር እኖራለሁ።

በቅርቡ የልጅ ልጄ አጠገቧ አስቀምጣ አንድ የቆየ ጥቁርና ነጭ የእንግሊዝ ፊልም አሳየችኝ። ታሪኩ ስለ አንድ የሴት ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ተማሪዎቹ ከዕረፍት ሲመለሱ የመንደሩ ሰው በሩን ዘግቶ ይሸሻል። ልጆቹ በኬሚስትሪ ላቦራቶሪ መጠጥ አጣርተው ይሸጣሉ፤ በፈረስ ውድድር ይቆምራሉ፤ ፈረስ ሳይቀር መኝታ ክፍላቸው ውስጥ ይደብቃሉ። ርዕሰ መምህርቷ ይህን ሁሉ እያየች ቅንድቧ እንኳ አይነቃነቅም። ሳቄ አልቆም ብሎኝ ነጠላዬን አፌ ውስጥ እስከ መክተት ደረስኩ። ርዕሰ መምህርቷን የተጫወተው ወንድ መሆኑን ልጅቷ የነገረችኝ ወደ መጨረሻው ላይ ነው፤ ያን ጊዜማ እንደ አዲስ ጀመረኝ።

አማቼ ከሥራ የገባው በዚህ መሀል ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። ግን ልጅቷ እየሰማች «እማማ፣ ስንቱን ልጅ ያረሙ ሰው እንዴት ልጄን ከቁማርተኛና ከሌባ ጋር ያስቁብኛል?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥኑ ፊት አልተቀመጥኩም። ልጅቷ አኩርፋለች። እኔም ሌሊት ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቅና መልሼ ራሴን እታዘባለሁ። ያን ሁሉ ዘመን የቀጣሁበትን ጥፋት ዛሬ አይቼ መሳቄ ነውር ነው ወይ? ልጅቷንስ ያበላሽብናል? አማቼንስ ምን ልበለው?

ጡረተኛዋ ዩኒት ሊደር፣ ከለንደን

መልስ፦

የተከበሩ እናታችን፣

ሌላ ሌሊት በሐሳብ እንዳያድሩ ዋናውን አስቀድሜ ልናገር። ነውር አይደለም። ልጅቷም አትበላሽም። ፊልሙን አብራችሁ ደግማችሁ እዩት። የአማችዎ ነገር ግን በአንድ ቃል የሚፈታ አይደለምና ወደ እሱ የምደርሰው ሰውየው በበር ሲገባ ያላየውን ካስረዳሁ በኋላ ነው። እሱ የደረሰበት የመጨረሻውን ግርግር ነው፤ ግርግር ብቻውን ሲታይ ደግሞ የትኛውም ኮሜዲ ያስደነግጣል።

ያያችሁት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 የወጣው «የሴንት ትሪኒያንስ ቆነጃጅት» ነው፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ዳይሬክተሩ ፍራንክ ሎንደር ይባላል፤ ከረጅም ጊዜ ባልደረባው ከሲድኒ ጊሊያት ጋር ሆኖ ነው የሠራው። ርዕሰ መምህርቷን ሚስ ፍሪተንን የተጫወተው አላስቴር ሲም ነው፤ አስቆማሪውን ወንድሟን ክላረንስንም የተጫወተው ራሱ ነው። በእንግሊዝ የገና ሰሞን ቲያትር ላይ የባልቴቶችን ገጸ ባሕርይ ወንዶች መጫወታቸው የቆየ ልማድ ስለሆነ ተመልካቹ ለዚህ እንግዳ አልነበረም። እንግዳ የሆነው የሲም አጨዋወት ነው። ሴት መስሎ አያሾፍም፤ ድምፁን አያቀጥንም፤ ዓይኑን አያጉረጠርጥም። አንዲት የተከበረች፣ ደግ፣ በዕዳ የተዘፈቀች ወይዘሮ ሆኖ ቁጭ ይላል፤ ሳቁን የሚያመጣው ያ ክብር ነው። እርስዎም እስከ መጨረሻው ድረስ ወንድ መሆኑን ያለማወቅዎ ለተዋናዩ ከማንኛውም ሽልማት ይበልጥበታል።

ስለዚህ ሰው አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእርስዎ ደስ የሚል ነው። ሲም በ1900 ኤዲንብራ ተወለደ። ወደ ትወና ከመግባቱ በፊት በዚያው ከተማ ኒው ኮሌጅ የንግግር ጥበብ መምህር ነበር። በ1948 ደግሞ የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲው ሬክተር አድርገው መረጡት። መምህርነትን ከውጭ ሆኖ የሚያፌዝበት ሰው አይደለም፤ እናታችን፣ የሳቁት በሙያ ባልደረባዎ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ግን በፊልም ሳይሆን በብዕር ነው። ሮናልድ ሲርል በ1920 ኬምብሪጅ የተወለደ ሠዓሊ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ወደ መሐንዲስ ጦር ገባ። ስኮትላንድ ሰፍሮ ሳለ ከአንድ ቤተሰብ ጋር ተዋወቀ፤ የቤቱ ልጆች ኤዲንብራ ውስጥ በስም ከፊልሙ ትምህርት ቤት እምብዛም በማይለይ የሴቶች ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር። ሲርል እነሱን ለማሳቅ ብሎ የሣለው የተማሪ ልጃገረዶች የቀልድ ሥዕል በ1941 ሊሊፑት በተባለ መጽሔት ላይ ታተመ። እውነተኛው ትምህርት ቤት በ1922 ተከፍቶ በ1946 የተዘጋ ነው። ተማሪዎች ሥራቸውን ራሳቸው እንዲያቅዱና ያለ ተቆጣጣሪ ራሳቸውን እንዲገዙ የሚያደርግ፣ በዘመኑ ተራማጅ የሚባል ትምህርት ቤት ነበር። ዲሲፕሊን ከውጭ ሳይሆን ከተማሪዋ ልብ ይመጣል ብለው የሚያምኑ ሰዎች ያቋቋሙት ቤት፣ ስሙ በዓለም ሁሉ የሥርዓት አልበኝነት መጠሪያ ሆኖ ቀረ። የዲሲፕሊን ኮሚቴ መዝገብ የያዘ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ሳይል አይቀርም።

ቀጥሎ ያለውን ለአማችዎም ቢያነቡለት አልጠላም። በ1942 መጀመሪያ ሲንጋፖር በጃፓን ጦር እጅ ስትወድቅ ሲርል ተማረከ። ከሦስት ዓመት በላይ በምርኮ ቆየ፤ በቻንጊ፣ እንዲሁም እስረኞችና የእስያ ሠራተኞች በብዙ ሺህ ባለቁበት ከታይላንድ ወደ በርማ በተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ። በዚያ ሁሉ ውስጥ ባገኘው ወረቀት ያየውን በድብቅ ይሥል ነበር። ሥዕሎቹን በኮሌራ በሚሞቱ ጓደኞቹ ፍራሽ ሥር ይደብቃቸዋል፤ ጠባቂዎቹ ወደ ኮሌራ በሽተኛ መጠጋት ይፈሩ ነበርና። ዛሬ እነዚያ ሥዕሎች እርስዎ በሚኖሩበት ከተማ፣ በኢምፔሪያል የጦርነት ሙዚየም ተቀምጠዋል። የልጅ ልጅዎ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሙዚየሙን ብትጎበኙት መግቢያው በነጻ ነው።

ከምርኮ ሲመለስ ሲርል እነዚያን ልጃገረዶች መሣል ቀጠለ፤ ቀልዱ ግን ጥርስ አውጥቶ ነበር። ዩኒፎርም የለበሱ፣ ጥቁር ረጅም ካልሲ ያጠለቁ ትንንሽ ልጆች መርዝ ይቀምማሉ፣ ጓደኛቸውን ያሰቃያሉ፣ የሆኪ ዱላ እንደ ጦር መሣሪያ ይዘው ይዞራሉ። ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ እንደ አንጄላ ብራዚል ያሉ ደራስያን ስለ ሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት የሚጽፏቸው፣ ሐቀኝነትና የቡድን ፍቅር የሞላባቸው የልጆች መጻሕፍት በእንግሊዝ ቤት ሁሉ ይነበቡ ነበር። ሲርል እነዚያን መጻሕፍት ገለበጣቸው። ሰው በሰው ላይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል በዓይኑ ያየ ሰው ያን ጭካኔ ወስዶ ለሕፃናት ሰጠና ሕዝቡን አሳቀበት። በ1953 ሰልችቶት ተወው፤ ፊልሞቹ ግን እሱ በተወበት ማግስት ተጀመሩ። ሌላም የሚገርም ግጥጥሞሽ አለ። የዚህን ፊልም ሙዚቃ የደረሰው ማልኮም አርኖልድ ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያው የሞት ሐዲድ ላይ ስለተሠራ ድልድይ ለሚናገር ፊልም ሙዚቃ ሠርቶ ኦስካር ተሸልሟል።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ። «የቀጣሁበትን ጥፋት አይቼ እንዴት እስቃለሁ?» ይላሉ። እኔ ደግሞ እርስዎ ካልሳቁ ማን ይስቃል እላለሁ። ይህ ዓይነቱ ቀልድ ሥርዓትን አጥብቆ ለሚያውቅ ሰው የተሠራ ነው። የሰልፍ ደወል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ፣ የአንድ ክፍል ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ጸጥ ሲሉ መደንገጥ እንደሚገባ ያልተማረ፣ የሚኒስቴር ሰው ሲመጣ ግቢው እንዴት እንደሚጸዳ ያላየ ሰው ከቀልዱ ግማሹ ያመልጠዋል።

ደግሞም ልብ ብለው እንደሆነ ፊልሙ ከልጆቹ ይልቅ የሚያፌዘው በትልልቆቹ ነው። የትምህርት ሚኒስቴር ሁለት ተቆጣጣሪዎችን ወደ ትምህርት ቤቱ ልኮ ሁለቱም ደብዛቸው ጠፍቷል። ሞተው ይሆን ሲባል፣ ለካ ከሚኒስቴሩ ወንበር ይልቅ የሴንት ትሪኒያንስ ኑሮ ተመችቷቸው እዚያው ከመምህራኑ ጋር ተንደላቀው ይኖራሉ! መምህራኑ ደመወዝ ካዩ ቆይተዋል። ፖሊስ ጣቢያው ደግሞ ችግሩን የሚፈታው አንዲት ሴት ሳጅን የስፖርት መምህርት አስመስሎ በመላክ ነው፤ እሷንም የተጫወተችው ጆይስ ግሬንፌል ናት፤ በመድረክ ላይ መምህራንን እየመሰለች በመጫወት የታወቀች ሴት ነበረች። ሱፐርቫይዘር ከወረዳ ሲመጣ ዓመቱን ሙሉ ያልተከፈተው ቤተ ሙከራ በአንድ ሌሊት ሲወለወል አይተው የሚያውቁ ከሆነ፣ ነጠላዎን ያስነከስዎ የልጆቹ ብልግና ሳይሆን የራስዎ ትዝታ ነው።

ፍላሽ ሃሪ የሚባለውን፣ ከቁጥቋጦ እየተሽሎከለከ የሚወጣውን ሰው አይርሱት። ያ የዘመኑ አየር በአየር ነጋዴ ነው። በእንግሊዝ ምግብ በራሽን መታደል የጀመረው በ1940 ሲሆን ሙሉ በሙሉ የቀረው ፊልሙ ለሕዝብ ከመታየቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው። ከውድድር ሜዳው ውጭ በጥሬ ገንዘብ የፈረስ ቁማር ማስያዝም በሕግ ክልክል ነበር፤ የተፈቀደው በ1960 በወጣ ሕግ ነው። ስለዚህ የዚያን ጊዜ ተመልካች ሃሪን ሲያይ በየሠፈሩ ጥግ የሚያውቀውን ሰው ነው ያየው። ጆርጅ ኮል ነው የተጫወተው። ይህ ልጅ በጦርነቱ ጊዜ በጉርምስናው ዕድሜ ሲምና ባለቤቱ ቤታቸው ወስደው ያኖሩት፣ ትወናንም ከሲም የተማረ ነው። በፊልሙ ውስጥ ርዕሰ መምህርቷና አጭበርባሪው ሲነጋገሩ እንደገና ይመልከቷቸው፤ የአሳዳጊና የልጅ መግባባት በዓይናቸው ይነበባል።

አሁን ልጅቷን እንመልከት። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ልጅ ለንደን ውስጥ ፈረስ ሰርቃ አልጋዋ ሥር ትደብቃለች ብዬ አልሰጋም። መጠጥ ማጣራትም ቢሆን ምን ያህል ድካም እንዳለው የአገራችንን አረቄ አውጪዎች ያየ ሰው ያውቀዋል። ልጆች ከፊልም የሚቀዱት በአቅማቸው ያለውን ነው፤ መልስ አሰጣጥን፣ የቤት ሥራን መሸሽን፣ ወዳጅን ማግለልን። ሴንት ትሪኒያንስ ከዚህ አንጻር ጥፋቱን እጅግ ከማጋነኑ የተነሳ ጉዳቱ ቀላል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ቆንጆ ልብስ ለብሰው፣ በለስላሳ ድምፅ፣ አንዷን ምስኪን ልጅ ዓመት ሙሉ የሚያሳቅቁ ተማሪዎችን እንደ ጀግና የሚያሳይ ፊልም ነው። እነዚያ ፈረስ አይሰርቁምና ማንም ወላጅ አይቆጣቸውም።

ሆኖም እንዳለ ተቀበሉት አልልም። በፊልሙ ውስጥ ፋጢማ የምትባል የአንድ ሡልጣን ልጅ አለች። አባቷ የፈረሱ ባለቤት ነው፤ አገሩ ማክያድ የሚባል፣ በካርታ ላይ የሌለ ነው። የዚያ ዘመን እንግሊዞች ስለ ዓረብና ስለ «ምሥራቅ» የነበራቸው ግምት ምን ያህል ሰነፍ እንደነበረ በእነዚያ ትዕይንቶች ይታያል፤ ሁሉም ሀብታም፣ ሁሉም የዋህ። የልጅ ልጅዎ ከብዙ አገር ከመጡ ልጆች ጋር ነው የምትማረው፤ «የክፍልሽ ልጆች አባቶቻቸው እንዲህ ሲሣሉ ቢያዩ ምን ይላሉ?» ብለው ቢጠይቋት ከእርስዎ የተሻለ መልስ ትሰጥዎ ይሆናል። ከፍተኛ ክፍል ያሉት ትልልቆቹ ልጃገረዶች ደግሞ ለዓይን ማረፊያ ተብለው ነው የገቡት። በመጀመሪያው ፊልም ይህ ቀላል ነው፤ በኋላ በኋላ እየባሰ ሄደ።

ለዚህም ነው ልጅቷ «ቀጣዩንስ?» ብላ ስትጠይቅ ዝም ብለው መክፈት የሌለብዎ። የ1957ቱ ይታያል፤ ልጆቹ በማጭበርበር ባሸነፉት ውድድር አውሮፓን ሲያስሱ ነው። ሲም ግን ለአንድ አፍታ ብቻ ብቅ ስለሚል ቤቱ ባለቤቱ እንደሄደበት ሆኖ ይሰማል። የ1960ው ትልልቆቹን ልጃገረዶች ለአንድ አሚር ሐረም ለመስጠት በሚደረግ ሤራ ላይ የቆመ ነው። እሱን ይለፉት፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ጋር ተቀምጠው የሚያብራሩት ነገር አይደለም። የ1966ቱ በቀለም የተሠራ የመጀመሪያው ሲሆን፣ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ እንግሊዝን ባነጋገረው የባቡር ዝርፊያ ላይ ያፌዛል። ጫጫታው ይበዛል እንጂ ለልጅ አያስቸግርም። የ1980ውን እርሱት።

በ2007 የተሠራውን አዲሱን ምናልባት ጓደኞቿ አይተውታል። ሩፐርት ኤቨረት እንደ ሲም ርዕሰ መምህርቷንም ወንድሟንም ይጫወታል፤ ኮሊን ፈርዝ የትምህርት ሚኒስትር ነው፤ ልጆቹ ትምህርት ቤታቸውን ከዕዳ ለማዳን ከለንደን ብሔራዊ ጋለሪ የቬርሜርን ሥዕል ይሰርቃሉ። የሚያስቁ ቦታዎች አሉት። ነገር ግን ስለ ወሲብና ስለ አደንዛዥ ዕፅ የሚወረወሩ ቀልዶች ስላሉበት እናትና አባት መጀመሪያ ራሳቸው ይዩትና ይወስኑ። በዚህ ላይ የአያት ድምፅ ከወላጅ ድምፅ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ቢከፋዎትም።

ይህም ወደ አማችዎ ያደርሰናል።

የተናገረው ቃል ትንሽ ጎርበጥ ያለ ነው፤ ያ አልጠፋኝም። በእኛ ልማድ አማች ለአማቱ ቃል መርጦ ነው የሚናገረው፤ ልጅ ፊት ደግሞ ጭራሽ። እርስዎ ግን «ጨዋ ሰው ነው» ብለው ጽፈዋል፤ እኔም አምኜ ተቀብዬዎታለሁ። ጨዋ ሰው እንዲህ የሚናገረው ሲፈራ ነው። ሴት ልጁን በማያውቀው ሥርዓት ውስጥ እያሳደገ ያለ አባት፣ ሥራ ውሎ ገብቶ፣ በቤቱ የቀረችው የመጨረሻዋ ዩኒት ሊደር ከረባሾቹ ጋር ተሰልፋ አገኛት። ትምህርት ቤቱ ልጅቷን ባይገራ አያቷ አሉ ብሎ ተመክቶ ነበር። የደነገጠው በፈረሱ ሳይሆን በእርስዎ ነው።

ስለዚህ ስለ ፊልሙ አይከራከሩት። ሲርል ተማርኮ ነበር፣ ሲም መምህር ነበር ማለቱ ኋላ ይደርሳል። መጀመሪያ ልጅቷ በሌለችበት፣ ልጅዎ ባለችበት፣ እንዲህ ቢሉት፦ «ልጄ፣ ያን ዕለት ያልከው ልቤ ውስጥ ገብቷል። ለልጅህ ማሰብህን እወድልሃለሁ። እኔ ዛሬም ያኔ የነበርኩት ሰው ነኝ፤ ልጅቷ ብታጠፋ ከአንተ ቀድሜ የማያት እኔ ነኝ። የሳቅሁት ግን የሥራዬን ነገር ስላየሁበት ነው። አንድ ቀን ከእኛ ጋር ተቀምጠህ እየው፤ ካልጣመህ ሁለተኛ አልከፍተውም። ሌላ ጊዜ ደግሞ የምትወቅሰኝ ነገር ካለ ልጅቷ ስትወጣ ጥራኝ።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አይዝለሏት። በለስላሳ ድምፅ ይበሉት እንጂ ይበሉት። ልጅቷ በዚያ ቀን ከፊልሙ ይልቅ የተማረችው አያቷ ስትወቀስ ዝም ማለቷን ነው።

አብሯችሁ ከተቀመጠ አንድ ነገር እንዲሰማ አድርጉ። ሚስ ፍሪተን ትምህርት ቤቷን ስታሞግስ፣ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ልጆቻቸውን ሳያዘጋጁ ወደ ጨካኙ ዓለም ይልካሉ፣ ከእኔ ዘንድ ልጆቹ ሲወጡ ግን መዘጋጀት የሚኖርበት ዓለሙ ነው የሚል ሐሳብ ትናገራለች። ቀልድ ነው፤ ተመልካቹ ይስቃል። ሴት ልጅ በትልቅ ከተማ የሚያሳድግ አባት ግን ከሳቁ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ዝም ቢል አይገርመኝም። ልጁ ዝምተኛ፣ ታዛዥ፣ ዓይኗን ከመሬት የማታነሳ እንድትሆን ብቻ ነው የሚፈልገው? ወይስ አንድ ሰው ቢነካት ሰፈሩን በጩኸት የምታናውጥ? ይህን እናንተ ሦስታችሁ ተነጋገሩበት፤ እኔ ከዚህ ሆኜ አልወስንላችሁም።

ስለ ክብርዎም አይጨነቁ። አለቃ ገብረ ሃና በአቋቋም ሊቅነታቸው ቤተ ክርስቲያን የምታከብራቸው መምህር ነበሩ፤ ሕዝቡ ግን በቀልዳቸው ነው የሚያነሳቸው፤ አንዱ ሌላውን ሲያጠፋው አላየንም። የቆሎ ተማሪ ተረብና ተንኮልም በየደብሩ ሲወራ የሚኖረው መሪጌታዎቹ ራሳቸው ስለሚያወሩት ነው። ለንደን ውስጥ የቀድሞ ተማሪዎችዎ ካሉ ደግሞ ጠርተው ቡና ያጠጧቸውና ከጀርባዎ ምን ምን ያደርጉ እንደነበር ይጠይቋቸው። አሁን ጎልማሶች ናቸውና አይዋሹም። አማችዎም በዚያ ቀን ቤት ይሁን፤ በደሴ የተማሩ የተከበሩ ሰዎች ስለ ራሳቸው የሚናገሩትን ሲሰማ ስለ ልጁ ያለው ሥጋት ትንሽ ይቀልለው ይሆናል።

ፈረስና ቁማር ጨርሶ ማየት አልሻም ካለ ሌላ መንገድ አለ። እነዚሁ ሎንደርና ጊሊያት በ1950 ከሲም ጋር የሠሩት «የሕይወትሽ ምርጥ ቀናት» የሚባል ኮሜዲ ያሳዩት። የሚኒስቴሩ ስህተት አንድን የሴቶች ትምህርት ቤት አምጥቶ በወንዶች ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ይጥለዋል። ሲም የወንዶቹ ርዕሰ መምህር ነው፤ የሴቶቹ ማርጋሬት ራዘርፎርድ ናት። ሁለቱ ነገሩን ከወላጆች ለመደበቅ የሚሯሯጡት ሩጫ ቢሮክራሲ ያንገላታውን ማንኛውንም ሰው ያስቃል፤ አማችዎም ለንደን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ወረፋ ይዞ ያውቅ ይሆናል። ከዚያ ወደ ሴንት ትሪኒያንስ መሻገር ይቀላል።

እምቢ ካለም አይለምኑት። ልጅቷ በቤቱ ያለውን ሕግ ትጠብቅ፤ እርስዎ ግን ትልቅ ሰው ነዎትና ማታ ልጅቷ ከተኛች በኋላ ብቻዎን ይክፈቱት። ልጅዎ አጠገብዎ መጥታ ብትቀመጥ አያባርሯት፤ እሷም የእርስዎ ተማሪ ነበረች፤ የሚያስቃት ነገር ከእርስዎ ያነሰ አይሆንም።